ሮም ውስጥ የአገሬውን ምግብ መቅመስ፦ ከአሳማ ለሚርቅና ለሚጾም ተጓዥ መመሪያ

ወደ ሮም ትኬት የቆረጠ ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ነው፦ «አሳማ ሳይገባብኝ፣ ጾሜንም ሳልሽር ምን መብላት እችላለሁ?» መልሱን ሳይዙ የሚሄዱ ሰዎች ሳምንቱን በማርጋሪታ ፒዛና በድንች ጥብስ ይገፉታል። ያሳዝናል፤ የሮም ባህላዊ ማእድ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ በወይራ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት የበሰለ ቅጠል፣ የበግ ጎድን፣ ጨጓራና ጉበት የሞላበት ነውና። ችግሩ የአሳማው ስብ በምግቡ ስም ላይ አለመታየቱ ነው። የሚገባው ከሥር ነው፤ ሽንኩርቱ በሚቁላላበት ስብ፣ በመረቁ፣ በሊጡ ውስጥ። ስለዚህ ስም መሸምደድ ብቻውን አያድንም፤ ስለ ስቡና ስለ መረቁ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሰዓቶቹን የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በቅንፍ ያለው በምግብ ቤቱ በር ላይ የሚያነቡት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የጣሊያንኛ መተርጎሚያ የተጫነበት ስልክ። ሜኑውን በካሜራ ማንበብ የሚችል ቢሆን ይመረጣል።
- በጣሊያንኛ ፊደል የተጻፈ ትንሽ ካርድ፣ በሁለት ቅጂ። ካርዱ ከስልክ የሚሻለው አስተናጋጁ ይዞት ወደ ወጥ ቤት ስለሚገባ ነው። መልስ የሚሰጠው የሚያበስለው ሰው ነው።
- ከ20 እስከ 30 ዩሮ በሳንቲምና በትናንሽ ኖት። የባንክ ካርድ በአብዛኛው ቦታ ይሠራል፤ ለአንድ ቡና ግን ሳንቲም ያፈጥናል።
- ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ ጠርሙስ። በየመንገዱ ናዞኒ የሚባሉ ቀኑን ሙሉ የሚፈስ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ያላቸው ቧንቧዎች አሉ። የቧንቧውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ውሃው ከላይ ባለው ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈልቃል፤ ጎንበስ ብሎ መጠጣት ይቻላል።
- የጾም ቀን መቁጠሪያ። የእኛ ፋሲካና የእነሱ ፋሲካ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ እርስዎ ሁዳዴ ላይ ሳሉ ከተማው በግ አርዶ ሊጠብቅዎት ይችላል።

በካርዱ ላይ የሚጻፉት ዓረፍተ ነገሮች አነባበባቸው እንዲህ ነው፦

- «ኖን ማንጆ ማያሌ፣ ኔ ስትሩቶ፣ ኔ ጉዋንቻሌ፣ ኔ ፓንቼታ።» አሳማ፣ የቀለጠ የአሳማ ስብ፣ የአሳማ ጉንጭና የአሳማ ሆድ ሥጋ አልበላም።
- «ኖን ማንጆ ካርኔ፣ ላቴ፣ ፎርማጆ፣ ቡሮ ኤ ኡዎቫ።» ሥጋ፣ ወተት፣ አይብ፣ ቅቤና እንቁላል አልበላም።
- «ኢል ብሮዶ ኤ ዲ ካርኔ?» መረቁ የሥጋ ነው?
- «ቼ ፎርማጆ ሶፕራ?» ከላይ አይብ አለበት?

በጾም ቀን ለቸኮለ ሰው «ቬጋኖ» የሚለው አንድ ቃል አብዛኛውን ሥራ ይሠራል፤ ሥጋን፣ ወተትን፣ እንቁላልንም ዓሣንም ያስቀራል። «ቬጄታሪያኖ» ግን አይበቃም፤ እሱ አይብና እንቁላል ይዞ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን ይወቁ

የምሳ ወጥ ቤት በአብዛኛው ከ6፡30 እስከ 8፡30 (ከ12፡30 እስከ 14፡30) ይሠራል፤ የእራቱ ከምሽቱ 1፡30 (19፡30) በፊት እሳት አያነድም። በመካከሉ ትራቶሪያዎቹ (የአገሬው ምግብ የሚሸጥባቸው ተራ ምግብ ቤቶች) ይዘጋሉ። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ይህ ትልቅ እንቅፋት ነው፤ ልክ ጾሙ በሚፈታበት ሰዓት ወጥ ቤቱ ተዘግቷል።

መፍትሔው በዚያ ሰዓት ትራቶሪያ አለመፈለግ ነው። ፒዛ በሚዛን የሚሸጡ ቤቶችና ታቮላ ካልዳ የሚባሉ የተዘጋጀ ምግብ መሸጫዎች ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው። ፎርኖዎችም (ዳቦ ቤቶች) ጥሩ አማራጭ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ጥቂት የሚዘጉ ስላሉ ግን በሩ ላይ የተጻፈውን ቀድመው ይዩ።

ዓርብና ቅዳሜ ማታ፣ እሑድ ምሳ ደግሞ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት (ኦገስት 15 አካባቢ) ብዙ የቤተሰብ ምግብ ቤቶች ለዕረፍት ይዘጋሉ።

ደረጃ 2፦ ቁርስን ባር ላይ ቆመው ይብሉ

በሮም ባር ማለት ቡና ቤት ነው። ገብተው «ቦንጆርኖ» ይበሉ፤ ሰላምታ ሳይሰጡ ማዘዝ እንደ ብልግና ይቆጠራል። ከዚያ ሰዎቹ በእጃቸው ደረሰኝ መያዝ አለመያዛቸውን ይዩ። ከያዙ መጀመሪያ ካሳው (ገንዘብ ተቀባዩ) ጋ ከፍለው ደረሰኙን ለባሪስታው ይሰጣሉ፤ ካልያዙ ጠጥተው ሲወጡ ይከፍላሉ።

ቆሞ መጠጣት ለዋጋው ወሳኝ ነው። አንድ ቡና ባንኮ (ቆመው የሚጠጡበት መደርደሪያ) ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.50 ዩሮ ነው። ያንኑ ቡና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ቢጠጡት፣ በተለይ በጎብኚ በተሞሉ አደባባዮች፣ ዋጋው ሦስትና አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የጠረጴዛው ዋጋ ለብቻው በዝርዝሩ ላይ ተጽፏል።

ማኪያቶ ሲያዝዙ የአዲስ አበባውን አይጠብቁ፤ የሮሙ በትንሽ ሲኒ ያለ ጥቁር ቡና ላይ አንድ ማንኪያ የወተት አረፋ ጠብ ያለበት ነው። ወተቱ በርከት እንዲል ከፈለጉ ካፑቺኖ ይዘዙ። «ላቴ» ብለው ካዘዙ ባዶ ወተት በብርጭቆ ይመጣልዎታል። በጾም ቀን «ኮን ላቴ ዲ ሶያ» (በአኩሪ አተር ወተት) ወይም «ዲ አቬና» (በአጃ) ይበሉ፤ አሁን በአብዛኛው ባር ይገኛል።

ከጎኑ የሚበላው ኮርኔቶ (ክሩዋሳን መሰል ብስኩት) እና በክሬም የተሞላው ማሪቶጾ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አለባቸው። ለጾም ኮርኔቶ ቬጋኖ ካለ ይጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ምሳን በሚዛን ይግዙ

ፒዛ አል ታሊዮ በትልቅ ትሪ ተጋግሮ እየተቆረጠ በክብደት የሚሸጥ ነው። ለአንድ ሰው ከ200 እስከ 300 ግራም ይበቃል። የሚፈልጉትን መጠን በእጅዎ ያሳዩ፤ ሻጩ ቢላውን አስቀምጦ «ኮዚ?» (ይህን ያህል?) ይላል። ከመቆረጡ በፊት መቀነስ ይቻላል፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን አይመለስም።

ዋጋው በኪሎ ወይም በኤቶ ይጻፋል። ኤቶ 100 ግራም ነው። በኪሎ 18 ዩሮ የሆነ ፒዛ 250 ግራሙ 4.50 ዩሮ ይመጣል ማለት ነው። «1.80» የሚለውን የአንድ ቁራጭ ዋጋ መስሏቸው ትልቅ ቁራጭ የሚያስቆርጡ ሰዎች ሒሳቡ ላይ ይደነግጣሉ።

ለጾመኛ ከሁሉም የሚሻለው ፒዛ ሮሳ ነው፤ ሊጥ፣ ቲማቲም፣ ዘይትና ጨው ብቻ። ፒዛ ቢያንካም ከላይ ዘይትና ጨው ብቻ ነው። በድንችና በጥብስ ቅጠል የተጋገረው (ኮን ፓታቴ) ብዙ ጊዜ አይብ የለበትም፤ ግን ይጠይቁ። ሊጡን በተመለከተ «ቼ ስትሩቶ ኔሊምፓስቶ?» (ሊጡ ውስጥ የአሳማ ስብ አለ?) ማለት አይርሱ። አብዛኞቹ የሮም ጋጋሪዎች የወይራ ዘይት ይጠቀማሉ፤ ስትሩቶ የሚያስገቡም አሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ያው ቢላ ፕሮሹቶ (የደረቀ የአሳማ ሥጋ) የተነጠፈበትንም ፒዛ ይቆርጣል። ለዚህ የሚጠነቀቁ ከሆነ «ኮን ኡን ኮልቴሎ ፑሊቶ» (በንጹሕ ቢላ) ይበሉ፤ የሚከፋው የለም።

ደረጃ 4፦ ትራቶሪያ ገብተው ሜኑውን ይፍቱ

ሜኑው በአምስት ይከፈላል፦ አንቲፓስቲ (ማስጀመሪያ)፣ ፕሪሚ (ፓስታና ሾርባ)፣ ሴኮንዲ (ሥጋና ዓሣ)፣ ኮንቶርኒ (አትክልት)፣ ዶልቺ (ጣፋጭ)። ሁሉንም ማዘዝ ግዴታ አይደለም፤ አንድ ፕሪሞና አንድ ኮንቶርኖ የተለመደ እራት ነው። ሥጋው ብቻውን በሳሕን እንደሚመጣ ግን ይወቁ። ድንቹም ሰላጣውም ከኮንቶርኒ ለብቻው ይታዘዛል።

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 1169/2011 መሠረት ማንኛውም ምግብ ቤት 14 አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮችን ማሳወቅ አለበት። ብዙ ቤቶች ከምግቡ ስም አጠገብ ቁጥር ያደርጋሉ። ቁጥሮቹ የደንቡን ቅደም ተከተል ከተከተሉ 3 እንቁላል፣ 4 ዓሣ፣ 7 ወተትና የወተት ውጤት ነው፤ የቁጥሩ መፍቻ በሜኑው መጨረሻ ገጽ ላይ ስላለ ያመሳክሩ። ለጾመኛ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን ሥጋም አሳማም ከ14ቱ ውስጥ የሉም። ቁጥር ስለሌለው ብቻ «ጾም ነው» ብሎ መደምደም የብዙዎች ስሕተት ነው።

ደረጃ 5፦ ሦስቱን ጥያቄዎች ይጠይቁ

ከማዘዝዎ በፊት ስለ እያንዳንዱ ምግብ፦

ሀ. በምን ስብ ተቁላላ? ብዙ የሮም ወጦች ሶፍሪቶ ከሚባል ቁሌት ይጀምራሉ፤ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ሴለሪ። እዚያ ላይ ጉዋንቻሌ ወይም ላርዶ (የአሳማ ጮማ) የሚጨምሩ አሉ። ቀልጦ ስለሚጠፋ በዓይን አይታይም።

ለ. መረቁ የምንድን ነው? የሽምብራና የባቄላ ሾርባ በሥጋ መረቅ ወይም በአሳማ ቆዳ (ኮቲኬ) ሊሠራ ይችላል። ሚኔስትሮኔም አይብ ወይም ፓንቼታ ሊገባበት ይችላል።

ሐ. ከምን ጋር ተጠበሰ? ሱፕሊ (ሩዝ ውስጡ አይብና ብዙ ጊዜ የሥጋ ስጎ ያለው) በሚጠበስበት ዘይት አትክልቱም ሊጠበስ ይችላል። «ኔሎ ስቴሶ ኦሊዮ?» (በዚያው ዘይት ነው?) ይበሉ።

ደረጃ 6፦ በፍስክ ቀን የሚመረጡ

ሮም የምትታወቅባቸው አራት ፓስታዎች አሉ። ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ ሦስቱም ጉዋንቻሌ አለባቸው። «ያለ ጉዋንቻሌ አድርጉልኝ» ማለት አይጠቅምም፤ ስጎው የሚሠራው ከሚቀልጠው ስብ ነው፤ ብዙ ቤትም ቀድሞ አዘጋጅቶታል። አራተኛው ካቾ ኤ ፔፔ ነው፤ ፔኮሪኖ አይብ፣ ቁንዶ በርበሬና ፓስታው የተቀቀለበት ውሃ ብቻ። ለእርስዎ የተሠራው እሱ ነው። አይብና በርበሬ ብቻ ሆኖ ሳለ ሲሠምር እንደ ክሬም ይቀባል፤ አይቡ ከጓጎለ ምግብ ሠሪው ከልክ በላይ አሙቆታል ማለት ነው። ፔኮሪኖ ጨዋማ ስለሆነ ሳይቀምሱ ጨው አይጨምሩ።

ከሥጋ አባኪዮ አ ስኮታዲቶን አስቀድሙ፤ በፍም ላይ የተጠበሰ የግልገል ጎድን ነው፤ በእጅ ይበላል። ኮራቴላ የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ በሽንኩርት ወይም በካርቾፊ (አርቲቾክ) የሚሠራ ነው፤ ዱለት የሚወድ ሰው በፍጹም አያልፈው። ትሪፓ አላ ሮማና በቲማቲም የበሰለ ጨጓራ ከሜዳ ናናና ከፔኮሪኖ ጋር ነው፤ በወጉ ቅዳሜ ቀን ይቀርባል። ኮዳ አላ ቫቺናራ የበሬ ጭራ በቲማቲምና በብዙ ሴለሪ ለሰዓታት የበሰለ ነው። ትሪፓና ኮዳ ላይ ግን ጥያቄ «ሀ» ግዴታ ነው። ሥጋዎቹ ብዙ ጊዜ በወይን ስለሚበስሉ አልኮል የማይነኩ «ቼ ቪኖ?» ብለው ይጠይቁ።

ስማቸው ሳይናገር አሳማ የሚይዙት፦ ሳልቲምቦካ (የጥጃ ሥጋ ላይ ፕሮሹቶ)፣ ራጉ (የሥጋ ስጎ፤ አብዛኛውን ጊዜ የበሬና የአሳማ ድብልቅ)፣ ፖልፔቴ (የተፈጨ ሥጋ ድቡልቡል፤ ሞርታዴላ ሊገባ ይችላል)፣ ኢንቮልቲኒ (ጥቅል ሥጋ)፣ ቶርቴሊኒ (ሥጋ የተሞላ ፓስታ)፣ ሳልሲቻ (ቋሊማ)። ብሬዛኦላ ግን የደረቀ የበሬ ሥጋ ነው። ከአሜሪካ የሚመጡ ደግሞ ይህን ይያዙ፦ እዚህ ፔፔሮኒ ማለት ፈረንጅ ቃሪያ ነው፤ እነሱ የሚያውቁት የአሳማ ቋሊማ ያለበት ፒዛ ዲያቮላ ይባላል።

ሳይጠይቁ ለመብላት የፈለጉ በጥንቱ የአይሁድ ሰፈር፣ በቪያ ዴል ፖርቲኮ ዶታቪያ አካባቢ፣ የኮሸር (የአይሁድ ሃይማኖት የምግብ ሕግ) ምስክር ወረቀት ያላቸው ቤቶች አሉ። አሳማ በጭራሽ አይገባባቸውም፤ የሥጋ ቤት የሆኑት ወተት፣ የወተት ቤት የሆኑት ደግሞ ሥጋ የለባቸውም። ምስክር ወረቀቱን በዓይንዎ ይዩ። «ጁዳይኮ ሮማኔስካ» (የሮም አይሁድ አሠራር) የሚል ጽሑፍ ብቻ ያለው ቤት ኮሸር ላይሆን ይችላል፤ ካርቦናራም ሊሸጥ ይችላል። ኮሸር የሆኑት ዓርብ ማታና ቅዳሜ ቀን ይዘጋሉ።

ደረጃ 7፦ በጾም ቀን የሚመረጡ

መልካሙ ነገር ካርቾፊ የሚባለው የሮም ዝነኛ አትክልት በብዛት የሚደርሰው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ከዐቢይ ጾም ጋር ገጥሞ መሆኑ ነው። ሁለት አሠራር አለው። አላ ጁዲያ የሚባለው ሙሉው ካርቾፊ ሁለት ጊዜ በዘይት ይጠበሳል፤ የውጭ ቅጠሉ ጥርት ብሎ ይሰበራል፣ ልቡ ለስላሳ ይሆናል፤ ሁሉም ይበላል። አላ ሮማና የሚባለው በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በሜዳ ናና ተከድኖ በእንፋሎት ይበስላል። ሁለቱም በወጋቸው ጾም ናቸው። ከወቅቱ ውጭ በሜኑው ላይ ከስሙ አጠገብ ኮከብ ምልክት ካዩ ከበረዶ ቤት የወጣ ነው፤ ይለፉት።

ቺኮሪያ ሪፓሳታ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ መራራ ቅጠል ተቀቅሎ በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በደረቅ ሚጥሚጣ ይቁላላል። ጎመን የለመደ ሰው በመጀመሪያው ጉርሻ ይወደዋል። ፑንታሬሌ የክረምት ሰላጣ ነው፤ ማጣፈጫው በጨው የተያዘ ትንንሽ ዓሣ ስላለበት ዓሣ የማይበሉ «ሴንሳ አሊቺ» ይበሉ።

ከፓስታ ሦስቱን ይያዙ፦ ፔኔ አላራቢያታ (ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ)፣ ስፓጌቲ አሊዮ ኦሊዮ ኤ ፔፔሮንቺኖ፣ ፓስታ ኤ ቼቺ (የሽምብራ)። የመጨረሻው በሮም ልማድ የዓርብ ምግብ ነው፤ ዓርብ ቀን ቢፈልጉት የማግኘት ዕድልዎ ይሰፋል። ጥያቄ «ለ»ንና ዓሣ አለመኖሩን አጣርተው ይዘዙ። በሁሉም ላይ «ሴንሳ ፎርማጆ» ይጨምሩ፤ አስተናጋጁ እንደ ደግነት ቆጥሮ አይብ ሊነሰንስልዎት ይችላልና።

ፓስታው ደረቅ መሆኑን ያረጋግጡ። ስፓጌቲ፣ ፔኔና ሪጋቶኒ በአብዛኛው ከስንዴና ከውሃ ብቻ ናቸው። ፌቱቺኔ፣ ቶናሬሊና ራቪዮሊ በእንቁላል ይቦካሉ፤ ኞኪም እንቁላል ሊኖረው ይችላል።

ፒዛ ለሚፈልግ ማሪናራ አለ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት። አይብ ያልተቀነሰለት፣ ከመጀመሪያውም አይብ ያልነበረው ፒዛ ነው።

ደረጃ 8፦ ጣፋጭ

ጀላቶ ቤት ሲመርጡ ቀለሙን ይዩ። ፒስታቹ ደማቅ አረንጓዴ ሳይሆን ደብዛዛ፣ ሙዝ ቢጫ ሳይሆን ነጣ ያለ መሆን አለበት፤ ደማቁ የቀለም ሥራ ነው። እንደ ተራራ የተከመረውም ብዙ አየርና ማርጊያ ያለበት ነው። ለጾም ሶርቤቶ (ከፍራፍሬ የሚሠራውን) ይዘዙና «ሴንሳ ላቴ?» ብለው ያረጋግጡ። በኮኖ ሳይሆን በኮፔታ (በጽዋ) ይቀበሉ፤ ኮኖው ወተት ሊኖርበት ይችላል። ሻጩ በነጻ ክሬም ሊጨምር ሲል «ሴንሳ ፓና» ይበሉ።

ፓና ኮታ (የክሬም ጣፋጭ) የሚረጋው በጄላቲን ነው፤ ጄላቲኑም አብዛኛውን ጊዜ ከአሳማ የተገኘ ነው። ቲራሚሱ ውስጥ አልኮል የሚያስገቡ ብዙ ናቸው።

ደረጃ 9፦ ሒሳብ

ሒሳብ ካልጠየቁ አይመጣም፤ ማስቸኮል እንደ ማባረር ስለሚቆጠር ነው። «ኢል ኮንቶ፣ ፔር ፋቮሬ» ይበሉ። በሰው ከ1 እስከ 3 ዩሮ «ፓኔ» ወይም «ኮፔርቶ» ተብሎ ሊታሰብ ይችላል፤ በሜኑው ላይ መጻፉን ይዩ። ጉርሻ ግዴታ አይደለም። ሜኑ ላይ ዓሣና ትልልቅ ሥጋ በኤቶ ዋጋ ከተጻፈ፣ ከመጠበሱ በፊት ተመዝኖ ጠቅላላ ዋጋው እንዲነገርዎት ይጠይቁ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- አንድ ሳሕን አዝዞ ለአራት መብላት መፈለግ። የፓስታው መጠን ለአንድ ሰው ወደ 100 ግራም ነው፤ አይበቃም። ሦስት የተለያየ ፕሪሞና ሁለት ኮንቶርኖ አዝዘው ባዶ ሳሕን ቢጠይቁ ሁሉም ይቀምሳል።
- «አሳማ አለው?» ብሎ ብቻ መጠየቅ። አስተናጋጁ የሚያስበው ስለ ሥጋው ነው፤ ስትሩቶና ጉዋንቻሌን በስማቸው ካልጠሩ «የለም» ብሎ በቅንነት ይመልሳል።
- ሰው ከበር ላይ የሚጠራባቸው፣ የምግብ ፎቶ የለጠፉ ቤቶች መግባት። ሁለትና ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ ቢራመዱ ሜኑው አጭርና በጣሊያንኛ የተጻፈ ቤት ያገኛሉ። ሜኑ ሲያጥር ምግቡ በዕለቱ የተሠራ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል፤ ምግብ ሠሪውም ለጥያቄዎ መልስ አለው።
- ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ ካርዱን ማውጣት። ሲቀመጡ ያስቀድሙት፤ ብዙ ጊዜ አስተናጋጁ ራሱ በሜኑው ላይ በጣቱ እየጠቆመ የሚሆንዎትን ይለይልዎታል።